ቢጫ ሆና ግራጫ የተባለችው ወፍ
የተፈጥሮ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን የጨረሰው በአንዲት ወፍ ሲከራከር ነው። ችግኝም ተክለናል፤ የግድግዳ ጋዜጣውም ወጥቷል። ልጆቹ የሚያወሩት ግን ስለ ወፏ ነው። እኔም ያው ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ወንዝ ዳር የወረድን ቀን ነው። ድንጋይ ላይ አንዲት ቀጠን ያለች ወፍ ቆማለች። ረጅም ጭራዋ ለአፍታ አያርፍም፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። ሆዷ ቢጫ ነው። አንዱ ልጅ መጽሐፉን ገለጥ አድርጎ «የሎ ዋግቴይል!» አለ፤ ቢጫዋ ጭራ ወዝዋዥ ማለቱ ነው። ሁላችንም ጻፍን። እኔም ሳላጣራ ፈረምኩበት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ እግሯ እኮ ጥቁር አይደለም» አለችኝ። ባይኖኩላራችን አንድ ብቻ ስለሆነ በወረፋ አየን። እውነትም እግሯ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። የየሎ ዋግቴይል እግር ጥቁር ነው፤ ጀርባዋ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ጭራዋም ያጥራል። የኛዋ ጀርባ አመድማ ነው። ለካስ ግሬይ ዋግቴይል፣ ግራጫዋ ጭራ ወዝዋዥ ናት! ሳይንሳዊ ስሟ ሞታሲላ ሲኔሪያ ሲሆን፣ «ሲኔሪያ» በላቲን አመድማ ማለት ነው። ያን ሁሉ ቢጫ ይዛ ግራጫ መባሏ ልጆቹን አናደዳቸው። ስም ያወጣላት ሰው ከኋላዋ ሆኖ ያያት ይመስለኛል።

ለነገሩ ቦታውን ብናይ ኖሮ እግር ድረስ ባልሄድን። የሎዋ የምትወደው እርጥብ መስክ ነው። ከብት ሲግጥ ከእግሩ ሥር የሚነሳውን ነፍሳት እየተከተለች ትለቅማለች። የኛዋ ደግሞ ድንጋያማና ፈጣን ውሃ ትፈልጋለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለን አይተናታል። በውሃው ጠርዝ ትሮጣለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ጭራዋን ትወዘውዛለች። ድንገት ወደ ላይ ተስፈንጥራ ዝንቧን አየር ላይ ትቀልብና እዚያው ድንጋይ ላይ ትመለሳለች። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። ሰው ሲጠጋት «ጺጥ ጺጥ» ብላ ትነሳለች። አበራረሯም እንደ ሞገድ ነው፤ ከፍ ብላ ዝቅ ትላለች።

የካቲት ላይ ሌላ ጭቅጭቅ መጣ። የአንዷ ጉሮሮ መጥቆር ጀመረ። ገሚሱ ታማለች አለ፣ ገሚሱ ሌላ ዓይነት ወፍ ናት አለ። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። «አንዷ» ያልናት ወንድ ኖሯል። ወንዱ የመራቢያ ወቅቱ ሲቃረብ ጉሮሮው ይጠቁራል። ከዚያ መጋቢት አልቆ ሄድን፤ ድንጋዮቹ ባዶ። ልጆቹ ውሃው ተበክሎ ነው ብለው ሰጉ። ወፎቹ ግን የሰሜኑን የብርድ ወራት እኛ ዘንድ አሳልፈው ጎጆ ወደሚሠሩበት ሰሜን ተመልሰዋል።

መዝገባችን ላይ ከሚያዝያ ጀምሮ በየሳምንቱ «የለችም» ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ገጽ ላይ፣ ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፣ ከቃሉ ጎን ረጅም ጭራ ብቻ ስሎበታል።