የአባትህን ፒፓ እሳት አታስጠጋው

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቀለል ብሎኛል፣ ስለሱ አትጨነቅ።

የምጽፍልህ እህትህ በነገረችኝ ነገር ነው። አትቆጣት፣ ወጥሬ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። የአባትህን ፒፓ ሳታጨስም ጭምር በጥርስህ ይዘህ እንደምትውል፣ ጫፉም እንደተነካከሰ አወጣችልኝ። እሱስ ይሁን፤ ከማን እንደወረስከው አውቃለሁ። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። "የጥርሱን ምልክት በላይተር አሙቄ አነሳዋለሁ" ብለሃል አሉ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህችን ስማኝ፤ እሳት አታስጠጋበት። ላይተርም፣ ሻማም፣ የፈላ ውሃም። አሁን ተረጋግተህ ቀሪውን አንብበው።

ዘዴው እንደሚሠራ አጥቼው አይደለም። የምፈራው ስለሚሠራ ነው። የዚያ ፒፓ ዘንግ ኢቦናይት ነው፣ ከብዙ ድኝ ጋር በሙቀት በስሎ የደነደነ ጎማ። አባትህ ስለዚህ ማውራት ሲጀምር ማን ያስቆመው ነበር! ቻርልስ ጉድዪር ጎማን በድኝ ማጠንከሪያውን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1844 በአሜሪካ ፓተንት እንዳወጣበት፣ ወንድሙ ኔልሰን ደግሞ በ1851 ለደረቁ ጎማ እንዳወጣ ስንት ጊዜ ሰምተናል። እህትህ ዓመተ ምሕረቱን ቀድማው ትናገርበት ነበር። ኢቦናይት ጥርስ ሲያርፍበት ቶሎ አይቆረጥም፣ ተጨምቆ ይሰረጎዳል እንጂ። ሲሞቅ ደግሞ መጀመሪያ ወደተሠራበት ቅርጽ ይመለሳል። አባትህ ለጓደኞቹ ሲያደርግላቸው አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ዘንጉን ከነበልባሉ ከፍ አድርጎ ወዲያ ወዲህ ያመላልሰዋል፣ ስርጉዱም እያየኸው ቀስ እያለ ይሞላል። ያልሞላውን በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ጀምሮ እስከ ደቃቁ፣ በውሃ እያራሰ ያለሰልሰዋል። የራሱን ግን አንድም ቀን አላሞቀውም።

እሳት ደግሞ የማን ጥርስ እንደሆነ አይለይም። የአንተን ሲያነሳ የሱንም አብሮ ያነሳዋል።

ፒፓውን ከአጠገብህ አንሳና ገልብጠህ እየው። ከሥር በኩል፣ ከጫፉ ከፍ ካለችው ጠርዝ ትንሽ ወረድ ብሎ በግራ፣ የአውራ ጣትህን ጥፍር ብታሳርፍበት የሚይዝ ጠለቅ ያለ ስርጉድ አለ። ያ የታችኛው ክራንቻው ነው። ከላይ ትይዩውን ያሉት ሁለቱ ሳሳ ያሉ ናቸው። ከነሱ ወደ ቀኝ የተበታተኑት ያንተ መሆን አለባቸው፤ አንተ በቀኝ ነው የምታኝከው።

ያ ጠለቅ ያለው የዚያን ሌሊት ነው። ሲወራ ሰምተኸዋል፣ ሙሉውን ግን አልነገርንህም። ትኩሳትህ አልወርድ ብሎ ሐኪሞቹ ከክፍሉ ያስወጡን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ማጨስ ክልክል ስለነበር ባዶውን ፒፓ አፉ ውስጥ ከተተው። አልተቀመጠም። አላናገረኝም፣ እኔም አላናገርኩትም። ግድግዳውን ተደግፎ ሌሊቱን ሙሉ መንጋጋው ሲጠብቅና ሲላላ አየው ነበር፤ ዝም ሲል ኢቦናይቱ በጥርሱ መሃል ሲንቋቋ ይሰማኛል። ሊነጋ ሲል ሐኪሟ ወጥታ "ወርዶለታል" ስትለን ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ ሊያመሰግናት ሞከረ፣ ድምፁ እምቢ አለው። ያን ሌሊት ምን ሲያስብ እንዳደረ ሳልጠይቀው ዓመታት አለፉ። ልጠይቀው እልና አንዱ ይመጣል፣ አንዱ ይሄዳል፣ ሌላ ቀን እላለሁ። አሁን ማንን ልጠይቅ? ያ ሌሊት የተጻፈበት ቦታ ያ ስርጉድ ብቻ ነው፣ እሱም አንተ ጋ ነው ያለው። ስለዚህ እባክህ፣ እሳት አታስጠጋበት።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ከደብዳቤው ጋር የፒፓ ጫፍ ሽፋን ልኬልሃለሁ። ሁለቱም ጫፋቸው ክፍት የሆነ ለስላሳ የጎማ እጀጌዎች ናቸው፣ ጥቁርም ግልጽም አለ። ግልጹን አድርግ፤ ምልክቱ ከሥሩ ይታይሃል። ሽፋኑን ለብቻው፣ ልብ በል ሽፋኑን እንጂ ዘንጉን አይደለም፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአፍታ ብትነክረው ይለጠጥልሃል። አውጥተህ አድርቀው፣ ከዚያ የዘንጉን ጫፍ በውሃ ረጠብ አድርገህ በሁለት እጅ እየወጠርክ ጠርዟን እስኪያልፍ ግፋው። ጥርስህ የሚያርፍበትን ቦታ ሁሉ መሸፈን አለበት። ከረዘመ ትርፉን በመቀስ ቁረጠው፣ ግን ከመልበሱ በፊት፤ ዘንጉ ላይ ሆኖ ስለት እንዳታስነካው። ጢሱ የሚወጣባት ቀዳዳ እንዳልተዘጋች በፒፓ መጥረጊያ አሳልፈህ አረጋግጥ።

መጀመሪያ አፍህ ውስጥ ወፈር ይልብሃል፣ አውልቀህ ልትጥለው ይቃጣሃል። ታገስ፣ ይለመዳል። ግን አንዴ አጥልቀህ እንዳትረሳው። ምራቅ ከሥሩ ገብቶ ይተኛል፣ ይሸታልም። አጭሰህ በጨረስክበት ቀን ማታ አውልቀው፣ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠበው፣ ዘንጉንም በጨርቅ አድርቀው። ሽፋኑ መሰንጠቅ ወይም መልፈስፈስ ሲጀምር ጣለው፣ ሌላ እልክልሃለሁ። ዘንጉን ትንባሆው ከሚሞላበት ከእንጨቱ ራስ የምትነቅለው ፒፓው ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው። በሙቀቱ የነቀለ ሰው ወይ መጋጠሚያውን ይሰብራል ወይ እንጨቱን ይሰነጥቃል።

መስኮት ላይ አታስቀምጠው። መኪና ውስጥም አትተወው። ኢቦናይት ብርሃንና እርጥበት ሲፈራረቅበት ጥቁረቱ ጠፍቶ አረንጓዴና ቡኒ ቀለም ያወጣል፣ ምላስ ላይም ድኝ ድኝ ይላል። ከዚያ በላይ ግን፣ ፀሐይ ላይ በቆመ የተዘጋ መኪና ውስጥ የዋለ ዘንግ ለስልሶ ሊጣመም፣ ስርጉዱም ሊነሳ ይችላል። ስለ እሳት ስነግርህ ይህንንም ጨምረህ ስማ።

ሽፋን አደረግኩ ብለህ ደግሞ እንዳሻህ አትንከስ። ለስላሳ ጎማ ቀላሉን ነው የሚችለው፤ መንጋጋህን ቆልፈህ ከዋልክ ከሥሩ ያለው መሰርጎዱ አይቀርም። በእጅህ ያዘው። ስትሠራ አስቀምጠው። አባትህ በመጨረሻ ክራንቻው ምን ያህል ተበልቶ እንደነበር ታስታውሳለህ፤ ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ገና ሳይጠይቀው "ፒፓ ታጨሳለህ" ያለው በዚያ ነው። አውሮፓ ውስጥ የሸክላ ፒፓ በሚጨስበት ዘመን የተቀበሩ ሰዎች አጽም ሲወጣ ጥርሳቸው ላይ ዘንጉ የቦረቦረው ክብ ክፍተት ይገኛል። ሸክላ ከጥርስ ጋር ሲፋተግ የሚሸነፈው ጥርስ ነበር። አንተ የገዛኸው ያ የአክሪሊክ፣ የጠንካራ ፕላስቲክ፣ ዘንግ ያለውም ከኢቦናይት ይጠነክራል፣ ቶሎ አይሰረጎድም፣ ግን ጥርስህን አይራራለትም። ለሱም አንድ ሽፋን አልብሰው። አክሪሊኩን በአልኮል አትጥረገው፣ ሊሰነጣጠቅ ይችላል።

ስለ ማጨሱ የምለውን ታውቀዋለህ፣ ሆኖም ሳልለው አልቀርም። ሽፋኑ ዘንጉንና ጥርስህን ያድናል፣ አንተን ከትንባሆ አያድንህም። ፒፓ ወደ ውስጥ ስለማይሳብ አይጎዳም የሚሉህን አትስማ፤ የከንፈር፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። ብትተወው ደስታዬ ነው። ባዶውን ይዘህ ብትቀመጥ እንኳ ግድ የለኝም። ከንፈርህ ወይም አፍህ ውስጥ ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል ወይም ነጭ ነገር ካየህ ለእኔ ለመንገር እንኳ አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂድ። አጥንትህ እስኪሰማው እየተናገርኩ ነው።

ላንተ ምልክቶች ደግሞ አትጨነቅ። እዚያው ይቀመጡ፣ ከሱ ጎን። ከእንግዲህ ሌላ እንዳይጨመርባቸው ነው ሽፋኑን የላክሁት። ጫፉ ሳስቶ ጢስ በጎኑ መውጣት ከጀመረ ግን በራስህ እጅ ሱፐር ግሉ አታፍስበት። ሞያው ላለው ሰው ስጠውና አዲስ ዘንግ ያውጣልህ፣ አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጠው። ባለሙያውም አሮጌውን ላሙቀው ካለህ እምቢ በለው። ደግ ሰው ቢሆንም፣ በነጻ እሠራልሃለሁ ቢልም እምቢ በለው።

የላክሁት ሽፋን ከጠበበህ ወይም ከሰፋህ፣ የጫፉን ወርድና ውፍረት በማስመሪያ ለክተህ በሚሊሜትር ጻፍልኝ። ወርዱን ጠርዟ ላይ ሳይሆን ከጠርዟ ወረድ ብሎ ለካ፣ ሽፋኑ የሚቀመጠው እዚያ ነውና።

እናትህ