ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ፦ የነርስ ተማሪዎቻችን በሽተኛ ማስተማርንም ይማሩ

ይድረስ ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ በክልሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ለተግባር ልምምድ የሚመደቡ የነርስ ተማሪዎች በመድኃኒት ደኅንነትና በሽተኛን በማስተማር ላይ የሚያገኙትን ሥልጠና ይመለከታል

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ በውስጥ ደዌ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም እከታተላለሁ። የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። በሽተኛን ስለ መድኃኒቱ አስተምሮ ወደ ቤቱ መሸኘት ተማሪ የሚመዘንበት ሥራ ይሁን። መርፌ መውጋትና ካኑላ (በደም ስር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት እንደሚመዘኑት ማለቴ ነው።

ተማሪ ዋርድ፣ ማለትም በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል፣ የሚገባው ሎግ ቡክ (የሥራ መመዝገቢያ ደብተር) ይዞ ነው። ካኑላ ስንት ጊዜ አስገባ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ስንት ጊዜ፣ ቁስል ስንት ጊዜ አጠበ፤ እያንዳንዱ ይፈረምለታል። ለስንት በሽተኛ መድኃኒቱን አስረዳ፣ በሽተኛውስ ምን ብሎ መለሰለት የሚለው ግን ባየኋቸው ሎግ ቡኮች ውስጥ ወይ የለም፣ ወይ ማንም ሳያይ ይፈረማል። ተማሪው ምን ያድርግ? የሚፈረምለትን ይሠራል። መመረቂያውም እዚያ ላይ ነው።

ከሆስፒታል መውጫ ቀን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ጠዋት ራውንድ ላይ ሐኪሙ "ይውጡ" ይላል። አስታማሚው ሒሳብ ሊዘጋ ይሮጣል፣ ከዚያ ፋርማሲ ይሰለፋል። መድኃኒቱ በፌስታል ይመጣል። በስኳር ሕመም ተኝተው የከረሙ እናት ከሆኑ ፌስታሉ ውስጥ የኢንሱሊን ብልቃጥ፣ ሲሪንጅ፣ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒንና የግፊት ክኒን አለ። ክኒኑ የተቋጠረበት ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ "1×2"፣ አንድ አንድ በቀን ሁለት ጊዜ ለማለት፣ ተጽፏል። በር ላይ ባጃጅ ቆሟል። አልጋው ለሌላ ሰው ተፈልጓል። ተማሪዋ "እማማ፣ ይሄን ጠዋትና ማታ፣ ይሄን ከምግብ ጋር፣ ገባዎት?" ትላለች። "ገባኝ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ። በቃ፣ ትምህርቱ አለቀ።

እማማ ያልገባቸውን "ገባኝ" ያሉት ለመዋሸት አይደለም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፊት "አልገባኝም" ማለት ይከብዳል። ልጅቷ ስትጣደፍ እያዩ እንደገና ማስደገም ደግሞ ይሉኝታ ይዟቸዋል። ስለዚህ ተማሪዋ መማር ያለባት "ገባዎት?" የሚለውን ጥያቄ መተው ነው። በምትኩ "እማማ፣ ቤት ሲደርሱ ልጅዎ ይሄ ምንድን ነው ቢልዎት ምን ብለው ያስረዱታል? እስኪ ያሳዩኝ" ትበል። ዘዴው በነርስ ትምህርት ውስጥ የታወቀ ነው፣ ወጪም የለውም።

እንዲህ ሲጠየቁ የሚወጣው ነገር ብዙ ነው። ብልቃጡን በመዳፋቸው አንከባልለው ደመናማውን ኢንሱሊን ሳያዋህዱ ቀጥታ ወደ ሲሪንጅ የሚስቡ አሉ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እየወጉ ቆዳቸው ያበጠና የጠጠረ አሉ፤ እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን በወጉ አይሠራም። ቤታቸው ፍሪጅ እንደሌለ ለመናገር የሚያፍሩ አሉ። ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ፣ ያውም በረዶ ቤቱ ውስጥ የሚያስቀምጡ አሉ። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም ተበላሽቷል፣ መጣል አለበት። የተከፈተ ብልቃጥ ሙቀቱ መጠነኛ በሆነ ክፍል ውስጥ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። የሐዋሳን የቀትር ፀሐይና የቆርቆሮ ጣራ ለሚያውቅ ግን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርጥብ አሸዋ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ብልቃጡን እንደሚያቀዘቅዝ የምታውቅ ተማሪ ለእማማ ትልቅ ነገር ሰጥታቸዋለች።

ስኳር ሲወርድስ? ላብ ሲያጠምቃቸው፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ልባቸው ሲመታ ብዙዎች "ስኳሬ ጨመረ" ብለው ይተኛሉ። ወይም ጣፋጭ ነገር እንዳይነኩ ቤተሰብ ይከለክላቸዋል። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው እንዲጠጡ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻላቸው እንዲደግሙ፣ ሲሻላቸው ምግብ እንዲበሉ አስታማሚውም መስማት አለበት። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ በአፍ ምንም እንደማይሰጥና ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም እንደሚወሰድ። ይህን ሁሉ ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ያች አሥር ደቂቃ ግን በማንም የሥራ ድርሻ ውስጥ የለችም።

ስለ ጾምም ላንሳ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ አሉ፣ ረመዳንን የሚጾሙ አሉ፣ ጾም ጸሎት የሚይዙ አሉ። ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበሉ መዋል አደገኛ ነው። በሽተኛው ግን "እጾማለሁ" ብሎ አይነግረንም፣ እንዳንቆጣው ይፈራል። መጠየቅ ያለብን እኛ ነን። ተማሪው ያለ ቁጣና ያለ ስብከት እንዲጠይቅ፣ መልሱንም ለሐኪሙ እንዲያደርስ ማን እያስተማረው ነው?

ሌላው የሰዓትና የዘመን አቆጣጠር ነገር ነው። መጽሐፎቻችን ከውጭ ስለመጡ ይህን የሚነግረን ምዕራፍ የላቸውም። መድኃኒት ላይ የሚታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኛ ያለነው 2018 ላይ ነው። ሳጥኑ ላይ 2024 የሚል ያነበበ አባወራ ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል ብሎ ያስቀምጠዋል። ጊዜው ግን በእኛ 2016 ወይም ቢዘገይ 2017 መጀመሪያ ላይ አልፏል። ይህን ለበሽተኛ ሲነግር የሰማሁት ተማሪ ጥቂት ነው። በዋርድ ውስጥም ጣጣው አለ። አንዱ በአገር ሰዓት ይጽፋል፣ ሌላው በፈረንጅ። ቻርት ላይ "8" ብቻ ተጽፎ ሲገኝ ጠዋት 2 ሰዓት ይሁን ከሰዓት 8 ሰዓት ተማሪው ይገምታል። በመድኃኒት ሥራ መገመት የሚባል ነገር መኖር የለበትም።

ወደ ዋርዱ ከገባን አይቀር፣ ተማሪዎቻችን "ትክክለኛ በሽተኛ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት" የሚለውን እንደ ውዳሴ ይወጡታል። ሥራው ላይ ግን በሽተኛው "5 ቁጥር" ነው የሚባለው። 5 ቁጥር ትናንት ማታ ወደ 9 ቁጥር ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ስሙ ከነአባቱ አንድ የሆነ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ መተኛቱም ብርቅ አይደለም። ስም ከነአያት፣ ከዚያ የካርድ ቁጥር፣ መጀመሪያም በሽተኛው ራሱ ስሙን ሲናገር መስማት ያስፈልጋል። "አቶ እከሌ ነዎት?" ተብሎ ሲጠየቅ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው "አዎ" ማለቱ አይቀርም።

የኢንሱሊን ትእዛዝ አጻጻፍም እንዲሁ ነው። ዩኒት የሚለውን የኢንሱሊን መለኪያ በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል (U) አሳጥሮ ከ10 ጎን መለጠፍ የተለመደ ነው። ያች ፊደል ዜሮ ትመስልና 10 የነበረው 100 ተብሎ ይነበባል። ዩኒት ሙሉ በሙሉ ይጻፍ የሚለው ምክር በዓለም ላይ የቆየ ነው። ቢሮው በአንድ ገጽ ሰርኩላር ሊያስፈጽመው ይችላል። ያልተበጠበጠ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ማለትም በብዙ ፈሳሽ ተበጥብጦ ብቻ የሚሰጥ የጨው መድኃኒት፣ ከሌሎች አምፑሎች ጋር በአንድ ትሪ ላይ እንዳይቀመጥ ማድረግም እንዲሁ። በቀጥታ ደም ስር ቢገባ ልብ ያቆማል፣ አምፑሉ ደግሞ ከሌላው ጋር ይመሳሰላል።

በሕፃናት በኩል ያለውን ባልደረቦቼ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ የአሞክሲሲሊን ዱቄት ብልቃጥን ብቻ ላንሳ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ ምልክቱ፣ ከመስጠት በፊት መነቅነቅ፣ ከተበጠበጠ በኋላ እንደ መመሪያው ከ7 እስከ 14 ቀን። በየትኛው ማንኪያ? የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው ይባላል፣ በየቤቱ ያለው ማንኪያ ግን የየራሱ ልክ አለው። ለእናትየው መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጥቶ መስመሩን በእስክሪብቶ ማስመር ምን ያህል ይከብዳል? በቲቢ ክፍልም ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትን ብርቱካናማ ወይም ቀይ እንደሚያደርግ ያልተነገረው ሰው ደም መስሎት መድኃኒቱን ያቋርጣል። ስድስት ወር የሚወሰድ መድኃኒት በአንድ ያልተነገረ ዓረፍተ ነገር ሲቋረጥ ያሳዝናል።

ቋንቋውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በሽተኞቻችን ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳ፣ ከሁላ፣ ከዳሌ ይመጣሉ፤ ከክልሉ ውጪም ይመጣሉ። ተማሪው ደግሞ ከአገሪቱ ጥግ ሁሉ ተመድቦ የመጣ ነው። ሲዳሙ አፎ ብቻ ለሚናገሩ እናት በአማርኛ የተነገረ ትምህርት ምን ይጠቅማል? አሁን የሚደረገው አጠገብ ያለ ሰው ጠርቶ ማስተርጎም ነው። አንዳንዴ አስተርጓሚው የአሥር ዓመት ልጃቸው ነው። ስለ እናቱ ሕመም በልጅ አፍ ማስነገር ልክ አይደለም። ልጁም የሚተረጉመው የገባውን ያህል ብቻ ነው። ከየተማሪ ቡድኑ ውስጥ ግን ቋንቋውን የሚችል አይጠፋም። ድልድሉ ይህን ታሳቢ ያድርግ፣ ቋንቋውን የሚችለውና የማይችለው ጥንድ ሆነው ይሥሩ።

ስሕተት ሲፈጠር ምን እንደሚሆንም በግልጽ ልናገር። ተማሪ መጠን ቢያዛባ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ በሽተኛው ሳይሆን "ኮሌጁ ቢሰማ ምን እሆናለሁ?" ብሎ ነው። ስለዚህ ይደብቃል። የተደበቀ ስሕተት ነገ በሌላ ተማሪ እጅ ይደገማል፣ ዛሬ የተጎዳው በሽተኛም ሳይረዳ ይቀራል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያ ቢጫ ቅጽ አለው፤ 8482 የሚል ነፃ የስልክ መስመርም አለው። ስለ ቅጹ ሰምቶ የሚመጣ ተማሪ አለ፣ ሞልቶ የሚያውቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ቢሮው "ወዲያው ያሳወቀ ተማሪ በማሳወቁ አይቀጣም" የሚል መመሪያ በየዋርዱ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍልን ብዙ ነገር ይቀየራል።

ሥርዓተ ትምህርት መቅረጽ የእናንተ ሥልጣን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ የሙያ ፈቃድ ምዘናም አለ፤ ሁለቱም ከላይ የሚመጡ ናቸው። ሆኖም የምርጫ ጥያቄ ላይ ማክበብ እማማን ማስረዳት አይደለም። ተማሪ በሽተኛ ፊት የሚቆመው በእናንተ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ኮሌጆች ተማሪ ሲልኩ ከእናንተ ጋር ይዋዋላሉ። በዚያ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ። ማንኛውም ተማሪ ልምምዱን ጨረሰ ተብሎ ከመፈረሙ በፊት በሽተኛ ሲሸኝ አሠልጣኝ አጠገቡ ቆሞ ይየው፣ በሽተኛውም በራሱ አንደበት መልሶ ይንገረው። አሠልጣኝ የሆነች ነርስ ደግሞ በዚያ ሺፍት የሙሉ በሽተኛ ጭነት ተሸክማ አሥር ተማሪ አትከተልም። ካልተቀነሰላት ሳታይ ከመፈረም በቀር አማራጭ የላትም። ይህን ሳታስተካክሉ አንቀጹን ብቻ ብትጨምሩ ሌላ ባዶ ፊርማ ነው የምንጨምረው።

ከዚህ ጋር ለእያንዳንዱ የሚወጣ በሽተኛ አንድ ካርድ ይሰጠው። በአማርኛና በሲዳሙ አፎ የተጻፈ፣ ፊደል ለማይቆጥር ደግሞ የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል ያለው። ክኒኑ በየትኛው ሰዓት፣ ስንት፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ መቼ ቶሎ ወደ ሆስፒታል መመለስ እንዳለበት። ቀጠሮውም በእኛ ቀን። ተማሪው ከበሽተኛው ጋር ተቀምጦ ይሙላው፣ ሲሞላው ራሱም ይማራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በእኛ 2009 "መድኃኒት ያለ ጉዳት" የሚል ዘመቻ ከፍቷል። የዓለም የበሽተኞች ደኅንነት ቀንም በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 17፣ በእኛ መስከረም 7 አካባቢ ይከበራል። በባነርና በንግግር ከማክበር ይልቅ የሚቀጥለውን መስከረም ይህን አሠራር በአንድ ሆስፒታልና በአንድ ጤና ጣቢያ ሞክረን ብንጀምርበት እመርጣለሁ። አዲሶቹ ተማሪዎች የሚመደቡትም ከዚያ በኋላ ስለሆነ ጊዜው ይገጥማል።

የካርዱን ረቂቅ ከባልደረቦቼ ጋር አዘጋጅተናል። የሲዳሙ አፎው ጽሑፍ ግን ቋንቋውን በሚያስተምር ባለሙያ መታየት አለበት፤ እዚያ ላይ እርዳታችሁን እንፈልጋለን። ቀን ከሰጣችሁን ረቂቁን ይዘን ቢሯችሁ እንመጣለን። ከእናንተ በኩልም የተማሪ ምደባን የሚከታተለው ባለሙያ አብሮን ቢቀመጥ ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሐዋሳ ነርስና የተማሪዎች አሠልጣኝ

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ
በሐዋሳ ለሚገኙ የነርሲንግ ትምህርት ክፍሎች