የቲቢ የደም ምርመራው የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን የሕዋሳቱን ምላሽ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ፣ ወደፊት በሳንባ ነቀርሳ የሚታመመውን ሰው በጥቂት ጠብታ ደም አስቀድሞ መለየት እንደተቻለ የሚያበስረውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ስለዚህ በሽታ በጋዜጣ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በመጋቢት ወር የዓለም የቲቢ ቀን ሲደርስ ብቻ በመሆኑ፣ ከዚያ ወቅት ውጭ ቦታ መስጠታችሁ በራሱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ምርመራው ምን እንደሚተነብይ በሰፊው ሲያወራ ምን እንደሚለካ አልነገረንም። መሣሪያው በአስቸኳይ ወደ አገር ይግባ የሚለው ማሳሰቢያችሁም ከዚሁ ጉድለት የመነጨ ይመስለኛል። በሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ ላይ ያለሁ እንደመሆኔ የጎደለውን ለመሙላት ይህን ጻፍኩ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቲቢ ባክቴሪያ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ሲገባ ቀድመው የሚውጡት ማክሮፋጅ የሚባሉት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ናቸው። ማክሮፋጅ የዋጠውን ተሕዋስ በአሲድና በኢንዛይም ከተሞላ ከረጢት ጋር አገናኝቶ ይፈጨዋል፤ ይህ ባክቴሪያ ግን መገናኘቱን አግዶ እዚያው በዋጠው ሕዋስ ውስጥ ይኖራል። ሁኔታው የሚለወጠው ቲ ሕዋሳት የተባሉት ሌሎች የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ደርሰው ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን መልእክተኛ ፕሮቲን ሲያመነጩ ነው። ፕሮቲኑ በማክሮፋጁ ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲጣበቅ ስታት-1 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነቅቶ ወደ ኒውክለሱ ይገባል፤ ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦም እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረመሎች እንዲነበቡ ያደርጋል። ማክሮፋጁ ባክቴሪያውን መቋቋም የሚችለው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ መንገድ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በ1996 ይፋ የሆኑ ጥናቶች አሳይተዋል፤ የኢንተርፌሮን ጋማው ተቀባይ በውርስ የተበላሸባቸው ሕፃናት ሌላው ሕፃን ያለ ችግር በሚከተበው፣ ቢሲጂ በተባለው የቲቢ መከላከያ ክትባት ሳይቀር በጽኑ ይታመማሉ።

ባክቴሪያውም በበኩሉ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በ1998 ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተሉ ሲነበብ ወደ 4,000 የሚጠጉ ዘረመሎች እንዳሉት ታወቀ፤ ከነዚህ ውስጥ የትኞቹ በየትኛው ጊዜ ይሥሩ የሚለውን የሚወስኑ ብዙ ተቆጣጣሪዎችም አሉት። ኦክስጅን ሲያጥረው ወይም ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲደርስበት ዶስ-ኤስ እና ዶስ-ቲ የተባሉት ጠቋሚዎቹ ለውጡን ያውቁና ዶስ-አር ለተባለው ተቆጣጣሪ ያስተላልፋሉ፤ ዶስ-አር ደግሞ 48 ያህል ዘረመሎችን በአንድ ጊዜ ያስነሣል። ባክቴሪያው መራባቱን ገታ አድርጎ በችግር ጊዜ መኖር የሚችልበትን ሥርዓት ይይዛል። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች በሚራባ ባክቴሪያ ላይ እንጂ እንዲህ ባለው ላይ እምብዛም ስለማይሠሩ፣ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ከሚፈጅባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ሳሉ በሁለተኛው ወር ጠፋ ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው በሰውነቱ ውስጥ የሚተወው እነዚህኑ መራባታቸውን የገቱ ባክቴሪያዎች ነው። በነገራችን ላይ፣ ፎፒ የተባለውን ሌላ ተቆጣጣሪ ከአንድ ተጨማሪ ዘረመል ጋር ከባክቴሪያው በመሰረዝ በስፔን የተሠራው ኤምቲቢቫክ የተባለ ክትባት ዛሬ በአፍሪካ ሕፃናት ላይ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ደርሷል። በእኔ ግምት ከደም ምርመራው ይልቅ ዜና መሆን የነበረበት ይህ ነው።

ወደ ምርመራው ልመለስ። ባክቴሪያው ኢኤስኤክስ-1 በተባለው የፕሮቲን ማስወጫው አማካይነት የታሰረበትን ከረጢት ይበሳል፤ ዲኤንኤውም ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ ክፍል ይዘልቃል። ሕዋሱ ያለ ቦታው የተገኘ ዲኤንኤ ሲያይ ቫይረስ የገባበት መስሎት አንደኛው ዓይነት ኢንተርፌሮን የተባለውን ያመነጫል። ይህ ስሙ ከኢንተርፌሮን ጋማ ጋር ይመሳሰል እንጂ፣ ቲቢን በተመለከተ ሲበዛ የጋማውን ሥራ የሚያዳክም በመሆኑ የሚጠቀመው ሰውየው ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። በ2010 በለንደንና በደቡብ አፍሪካ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት በንቁ ቲቢ የተያዘ (ማለትም ባክቴሪያው ተኝቶ ያለበት ሳይሆን ሕመሙ የተነሣበት) ሰው ደም ውስጥ፣ ዘረመሎች ሲነበቡ የሚወጡ 393 የአርኤንኤ ቅጂዎች የሚገኙበት መጠን እንደሚለወጥ ሲያሳይ፣ የለውጡ ዋና ምንጭ ኒውትሮፊል በተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚታየው የኢንተርፌሮን ምላሽ ሆኖ ተገኘ። ጽሑፋችሁ ያወደሰው ምርመራ የዚህ ግኝት ልጅ ነው። የሚያነበው የሰውየው ነጭ የደም ሕዋሳት የትኞቹን ዘረመሎች እንደሚያሠሩ እንጂ ባክቴሪያው መኖር አለመኖሩን አይደለም፤ ጭሱን ያያል፣ የሚነደው ምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ኢንፍሉዌንዛን የመሰለ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ የያዘው ሰውም ተመሳሳይ ዘረመሎችን ስለሚያስነሣ፣ ጉንፋን በበዛበት ሰሞን ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል።

ስለ ትንበያው አቅም ደግሞ ቁጥሮቹ ይናገሩ። በ2016 በደቡብ አፍሪካ ከ6,000 በላይ ታዳጊ ወጣቶችን በመከታተል የተገኘውና 16 ዘረመሎችን የሚለካው ምርመራ፣ ሕመሙ ከመታወቁ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ከሚታመሙት 66 በመቶውን፣ ከማይታመሙት ደግሞ 81 በመቶ ያህሉን በትክክል ለይቷል። መልካም ውጤት ይመስላል፤ ነው እንጂ። ነገር ግን ከ1,000 ሰዎች መካከል በዓመቱ ውስጥ የሚታመሙት 10 ናቸው ብለን እናስላ። ምርመራው ከነዚህ 6 ወይም 7ቱን ያገኛል፣ 3 ወይም 4ቱ ያመልጡታል፤ ከማይታመሙት 990 ሰዎች ውስጥ ደግሞ ወደ 190 የሚጠጉትን ትታመማላችሁ ብሎ ያስደነግጣል። በ2018 የወጣውና አራት ዘረመሎችን ብቻ የሚለካው ሌላው ጥናት ከደቡብ አፍሪካና ከጋምቢያ ጋር የእኛም አገር ተሳታፊዎች የነበሩበት በመሆኑ ልንኮራበት ይገባናል፤ ይሁንና እርሱም ከዚህ ስሌት ነፃ አያወጣንም።

ከሁሉ በላይ በጽሑፋችሁ መዘለሉ ያሳዘነኝ በደቡብ አፍሪካ አምስት ቦታዎች የተካሄደውና ውጤቱ በ2021 የታተመው ሙከራ ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ የሌለ አዋቂዎች 11 ዘረመሎችን በሚለካ ምርመራ ከተለዩ በኋላ፣ የዘረመል ምልክቱ በደማቸው ውስጥ ከታየባቸው መካከል ከፊሎቹ አይሶናያዚድና ሪፋፔንቲን የተባሉትን የቲቢ መድኃኒቶች በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ወራት ወሰዱ፤ የቀሩት ያለ መድኃኒት ክትትል ተደረገላቸው። ምርመራው ይበልጥ የተጋለጡትን መለየቱ አልቀረም፤ መድኃኒቱ ግን በ15 ወራት ውስጥ የሚታመሙትን ቁጥር ትርጉም ባለው ደረጃ አልቀነሰም። ምናልባት ምልክቱ በደም ውስጥ የሚታየው በሽታው ሥራውን ከጀመረ በኋላ በመሆኑ ለመከላከያ የታሰበው የመድኃኒት መጠን አንሶ ይሆናል፤ ምናልባትም ሰዎቹ ቲቢ በተስፋፋበት አካባቢ በመኖራቸው እንደገና ተይዘው ይሆናል። ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን፣ ማን እንደሚታመም ማወቅ እና ሕመሙን ማስቀረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በሙከራ ታይቷል።

ይህን የምለው ምርመራውን ለማጣጣል አይደለም። አክታ ማውጣት ለሚያቅታቸው ሕፃናት፣ እንዲሁም ብዙ የሚያስሉ ሰዎች በሚመጡበት ጤና ጣቢያ ማን ቶሎ ወደ አክታ ምርመራ ይሂድ የሚለውን ለመወሰን ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራ መሣሪያ ትልቅ እገዛ እንደሚሆን አምናለሁ፤ ጥናቱም ወደዚያ እያዘነበለ ነው። ጤነኛ መስሎ የሚኖርን ሕዝብ በጅምላ ለመመርመር መሣሪያ ይገዛ የሚለው ግን ከማስረጃው የቀደመ ነው። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ የቲቢ ሕመምተኛ በተገኘበት ቤት ሁሉ ሄዶ አብረው የሚኖሩትን፣ በተለይም ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ለሚመረምርና ንቁ በሽታ ለሌላቸው የመከላከያ መድኃኒት ለሚያስጀምር የጤና ባለሙያ ቢውል የተሻለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው የጤና ዓምዳችሁ አንድ ሰው ቲቢ ሲገኝበት ቤተሰቡ ወዴት መሄድ እንዳለበት፣ ምን ዓይነት ምርመራ እንደሚደረግለትና መከላከያ መድኃኒቱ ስንት ወር እንደሚወሰድ ባለሙያ አነጋግራችሁ እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ