ምንባቡ ሳይነበብ የሚመለስ ጥያቄ ይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ወላጅ የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩ። በ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና የሚመጡት ምንባቦች ረጃጅም ናቸው፣ የልጆቻችንን ሰዓት ይበላሉ፣ ስለዚህ ተቀንሰው በሰዋስው ጥያቄ ይተኩ ነው የሚሉት። ቻይናዎች እዚህ የደረሱት በራሳቸው ቋንቋ ተምረው፣ እንግሊዝኛን ሳያካብዱ ነው ሲሉም እንደ ማስረጃ ጠቅሰዋል።

ጭንቀታቸው ይገባኛል። እኔም እናት ነኝ፤ ልጄ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት። ግን አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በየቀኑ የማየው ነገር ደብዳቤውን ዝም ብዬ እንዳልፈው አልፈቀደልኝም። ምንባቡ መቀነስ የለበትም። እንዲያውም ከሁሉ በላይ በትክክል መፈተን ያለብን እሱን ነው።

በቻይናው ልጀምር። አዳማ ላይ ስለ ቻይና ሲወራ የሚነሳው ፈጣን መንገዱ፣ ባቡሩ፣ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የንፋስ ተርባይኖች ናቸው። ልጆቻቸው ምን እንደሚፈተኑ የሚያወራ አይገኝም። እኔም ብዙ አላውቅም ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ቲያንጂን ከተማ ይማራል። አንድ ምሽት በቴሌግራም «ቲቸር፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ» ብሎ የእነሱን የእንግሊዝኛ ፈተና ላከልኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ እስክሪብቶ ይዤ እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ ሠራሁት።

ፈተናው ጋኦካኦ የሚባለው የቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አንዱ ክፍል ነው። ጋኦካኦ በየዓመቱ በኛ አቆጣጠር ግንቦት 30 ነው የሚጀመረው። አጠቃላይ ውጤቱ ከ750 ይያዛል። ከዚህ ውስጥ 150ው የውጭ ቋንቋ ነው። ጃፓንኛ ወይም ሩሲያኛ መርጦ መፈተንም ይቻላል፤ አብዛኛው ተማሪ ግን የሚፈተነው እንግሊዝኛ ነው። ቻይንኛ 150፣ ሒሳብ 150፣ እንግሊዝኛም 150። ሒሳብና ፊዚክሱን በራሱ ቋንቋ የሚማር ልጅ እንግሊዝኛን ከሒሳብ እኩል ይፈተናል ማለት ነው። ታዲያ አላካበዱትም ይባላል?

የተላከልኝ ወረቀት አሁን ብዙዎቹ ክፍለ ሀገራት የሚፈተኑበት ዓይነት ነው። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ማዳመጥ 30 ነጥብ፣ ንባብ 50፣ የቋንቋ አጠቃቀም 30፣ ጽሕፈት 40። ትልቁን ድርሻ የወሰደው ንባብ ነው።

አራት ምንባብ አለ። የመጀመሪያው ቀለል ይላል፤ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ወይም የጉብኝት መረጃ ነገር ነው። እየሄደ ይከብዳል። አራተኛው ጋ ሲደረስ ስለ አንድ ሳይንሳዊ ግኝት የሚያትት ጠንከር ያለ ጽሑፍ ይመጣል። 15 ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ 2.5 ነጥብ። ጥያቄዎቹ ጸሐፊው ይህን ምሳሌ ለምን አነሳው፣ ከዚህ አንቀጽ ምን መረዳት ይቻላል፣ ለጽሑፉ የሚስማማው ርዕስ የቱ ነው የሚሉ ናቸው። ከዚያ አምስት ዓረፍተ ነገር የወጣለት ሌላ ጽሑፍ አለ። ከሥሩ ሰባት ዓረፍተ ነገር ይሰጣል፤ አምስቱን በየቦታቸው መመለስ ነው፣ ሁለቱ ትርፍ ናቸው። ይህን ክፍል በጣም ወደድኩት። ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ከታችኛው ጋር በምን እንደተያያዘ ያላየ ልጅ በግምት አጥቁሮ አያመልጥም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጽሕፈቱ ውስጥ የተሸጎጠው የንባብ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ተሞክሮ ነው ወደ ሌሎቹ የተዛመተው። ለተማሪው መጨረሻ የሌለው ታሪክ ይሰጠዋል። ቀጥሎ የሚመጡት ሁለት አንቀጾች የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገራቸው ብቻ ተጽፎለታል። ቀሪውን እሱ ይጨርሳል። 25 ነጥብ ነው። ታሪኩ ውስጥ ማን ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጠፋ፣ ማን ምን እንደፈራ ካልገባው አንቀጹን መጻፍ አይችልም። ሸምድዶ የመጣው ድርሰት እዚህ አይሠራም።

ይህንኑ እኔም ክፍሌ ውስጥ ሞከርኩት። አንድ ገጽ የማትሞላ ታሪክ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሊመሽ ሲል ከፍራንኮ አንዲት እናት አሳፍሮ ፖስታ ቤት ጋ ያወርዳል። ሴትዮዋ መንገዱን ሙሉ ሳንቲም ስትቆጥር ነበር፤ ስልኳም ባትሪ ጨርሷል። ስትወርድ የኋላ ወንበር ላይ ራጅ ያለበት ትልቅ ፖስታ ትረሳለች። መሀል ላይ፣ ብዙም ሳይጮህ፣ ፖስታው ጥግ ላይ ደብዘዝ ያለ የክሊኒክ ማህተም እንዳለ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ ሹፌሩ ባጃጁን ሲያዞር ይጀምራል፤ ሁለተኛው በማግስቱ ጠዋት። ጨርሱት አልኳቸው።

በቾይዝ ጥያቄ ሁሌም ከፊት የሚሆን አንድ ልጅ አለኝ። ሰዋስዉ እንከን የለውም፣ ጓደኞቹ ቀለሜ ይሉታል። ያመጣው ጽሑፍ ያማረ ነበር። ሹፌሩ ሴትዮዋ ጋ ስልክ ደወለ፣ ተገናኙ፣ አመሰገነችው። ስልኳ ተዘግቷል። ቁጥሯንም ማንም አልሰጠውም። ልጁ ስለ አንድ ደግ ሹፌር ነው የጻፈው እንጂ የኔን ታሪክ አላነበበም። ብዙዎቹ እንደሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጋ ፖስታው ውስጥ ጭራሽ ብር ተገኘ።

እጇን አውጥታ የማታውቅ፣ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ደግሞ አለች። ግሱ ተሳስቷል፣ የብዙ ቁጥሩ ተረስቷል፣ ፊደሉም ቦታ ቦታው ላይ አይደለም። ግን ሹፌሩ ፖስታውን ወደ መብራት አስጠግቶ ማህተሙን ያነባል፣ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ይሄዳል፣ ዘበኛውን ይጠይቃል። ሴትዮዋም ክሊኒኩ በር ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች ትገኛለች፤ ሌላ ራጅ ለመነሳት ገንዘብ የላትም። ሳንቲም ስትቆጥር የነበረችበትን ምክንያት ልጅቷ ተረድታለች። በእንግሊዝኛ ፈተና ሁሌም ዝቅተኛ የምታመጣ ልጅ ናት። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ እንደሷ አንብቦ የገባው ተማሪ አልነበረም። የእስካሁኑ ፈተናችን ይህን አሳይቶኝ አያውቅም።

አሁን ወደኛ ምንባብ ልምጣ። ተማሪዎቼ የሚዘጋጁት እየተባዛ በሚሸጥ ዎርክሺት ነው። ካንዱ ዎርክሺት ስለ ደን መጨፍጨፍ የሚያወራ ምንባብ ወሰድኩና ጽሑፉን ቆርጬ አውጥቼ ጥያቄዎቹን ብቻ አባዝቼ ሰጠኋቸው። «በምንባቡ መሠረት» የሚለው ሐረግ እንዳለ ነው። አብዛኞቹ ቀጥታ መሥራት ጀመሩ። ምንባቡ የታለ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሳርመው ደግሞ ብዙዎቹ በደህና ውጤት አልፈዋል። ለምን አያልፉም? ደን ሲጨፈጨፍ አፈር እንደሚሸረሸር ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ያውቁታል። የተሰመረበትን ቃል ፍቺ በቃሉ የያዘ ልጅ ምንባቡን ማየት አያስፈልገውም። ረጅሙ አማራጭ ብዙ ጊዜ መልስ እንደሆነም ቱቶሪያል ላይ ተነግሯቸዋል።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የልጁን ጠቅላላ ዕውቀት ይለካ ይሆናል፤ ንባቡን ግን አይለካም። ፈተናው ያላስነበበውን ልጅ ክፍል ውስጥ አንብብ ብለው አይሰማም። «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ነው የሚለኝ። ወላጁ ሰዓት ይበላል ያሉት ምንባብ ለብዙ ልጆች ሰዓት የሚበላው ማንበብን ስላልለመዱ ነው። እሱን አውጥተን ሰዋስው ብንተካ ጨርሶ አይለምዱትም።

እዚህ ላይ ከቻይና ጋር ያለን ልዩነት በኛ ላይ ይብሳል። የቻይናው ልጅ እንግሊዝኛ ማንበብ ቢያቅተው የሚያጣው ከ750 ውስጥ የዚያን ትምህርት ነጥብ ነው። ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በቋንቋው ነው የሚመጣለት። የኛ ልጅ ግን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ይማራል፣ በእንግሊዝኛ ይፈተናል። ማንበብ ካቃተው ሁሉም ነው የሚያቅተው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ላሳብብ አልፈልግም። ግን ፊዚክስ የወደቀው ልጅ ፊዚክሱ ስላልገባው ነው ወይስ ጥያቄው ስላልገባው? አንድ ቀን አንድ ተማሪዬ የፊዚክስ ዎርክሺት ይዞ ተክዞ አገኘሁት። ጥያቄውን በኦሮምኛ ነገርኩት። እዚያው ቆሞ ሠራው። ውጤቱ ሲወጣ እንዲህ ያለው ልጅ ፊዚክስ አይችልም ተብሎ ነው የሚመዘገበው።

የተፈታኙ ቁጥር ብዙ ነው፣ በማሽን የሚታረም ምርጫ ካልሆነ አይቻልም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. ለፈተና የተቀመጡት ከ670 ሺህ በላይ ነበሩ። በቻይና በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ማለት ነው፣ ለጋኦካኦ የተመዘገቡት 13.42 ሚሊዮን ናቸው። እነዚያ በእጅ የተጻፉ ገጾች ስካን ይደረጋሉ፤ ሁለት አራሚዎች የአንዱን ነጥብ ሌላው ሳያይ በኮምፒውተር ያርማሉ። ነጥባቸው ከተራራቀ ሦስተኛ ሰው ይገባል። እኛም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናውን በከፊል በኮምፒውተር መስጠት ጀምረናል። ነገ ሁሉንም እናድርግ አላልኩም። ከማይቻል ነገር ውስጥ ግን አይመደብም።

የቻይናው ፈተና ችግር የለበትም ማለቴም አይደለም። ተማሪዬ እንደነገረኝ ዶርም አብረውት ያሉት ልጆች የእንግሊዝኛ ጥናታዊ ጽሑፍ ቁጭ ብለው ያነባሉ፤ አናግሩኝ ሲላቸው ግን አፍረው ይሸሻሉ። እዚያም መምህሩ መጀመሪያ ጥያቄውን እዩ፣ ከዚያ ተመሳሳዩን ቃል ምንባቡ ውስጥ ፈልጉ እያለ ነው የሚያለማምዳቸው። አንድ ፈተና የልጅን ዕድሜ ልክ የሚወስን ሲሆን ይህ አይቀርም። በሻንጋይና በዠጂያንግ እንግሊዝኛን ሁለት ጊዜ ተፈትኖ የተሻለውን ውጤት መያዝ የተፈቀደውም ጫናውን ትንሽ ያቀለዋል ተብሎ ነው። እኔ ከነሱ መውሰድ የምፈልገው ጫናውን ሳይሆን የጥያቄውን አሠራር ነው።

የሞዴል ፈተና የምታዘጋጁ ባልደረቦቼን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ምንባብ ከማስገባታችሁ በፊት ጥያቄዎቹን ያለ ምንባቡ ለጥቂት ተማሪዎች ስጡ። ሳያነቡ በብዛት የመለሱትን ጥያቄ ሰርዙት። ወጪው የፎቶ ኮፒ ነው። ምንባቡንም አንዳንዴ ከጂኦግራፊ ወይም ከባዮሎጂ መጽሐፋቸው ውሰዱ፤ ልጆቹ በየቀኑ የሚታገሉት ከሱ ጋር ነው። ከቻላችሁ ደግሞ አንድ የሚጨረስ ታሪክ ጨምሩ። ከስልሳ በላይ ተማሪ ያለበትን ክፍል ማረም እንደሚያደክም አሳምሬ አውቃለሁ። እኔ የማየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የጻፈው ካነበበው ጋር ይገጥማል ወይ፣ የሚለው ነገርስ ይገባኛል ወይ። ሰዋስዉን ሌላ ቀን አርማለሁ። እንዲህ ሲሆን ይፈጥናል።

ደብዳቤውን ለጻፉት ወላጅ፦ ልጅዎ ዛሬ ማታ ከባዮሎጂ መጽሐፉ አንድ ገጽ አንብቦ ምን እንደሚል በሚቀለው ቋንቋ ይንገርዎት። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ። እርስዎ ባዮሎጂ ማወቅ የለብዎትም። የነገረዎት ካልገባዎት ተመልሶ ያንብበው። እኔ ከልጄ ጋር እራት ስንሠራ እንዲህ እናደርጋለን። መጀመሪያ አኩርፋ ነበር፤ አሁን እሷው መጽሐፉን ይዛ ወደ ማድቤት ትመጣለች።

የባጃጁን ታሪክ ክፍሉ ውስጥ መሞከር የሚፈልግ መምህር ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ያሳውቅ፤ ከነማረሚያ ነጥቡ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት
ከአዳማ