ሳጥን ስንሠራ የዋልንበት ዓመት፦ የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ዘገባ

በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ክበባችን 22 አባላት ነበሩት። በመስከረም የያዝነው ዕቅድ የግቢያችን የውሃ ታንከር ምን ያህል ውሃ እንደያዘ የሚያሳይ መሣሪያ መሥራት ነበር። የጥበቃ ሠራተኛችን በየማለዳው መሰላል ወጥተው፣ ክዳን ከፍተው የሚያዩትን በጥበቃ ቤቱ ውስጥ በሦስት አምፖሎች ለማሳየት ነው። ሰርኪዩቱ በኅዳር አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ የወሰደው በዕቅዳችን ላይ ያልጻፍነው ነገር ሆነ፤ ሳጥኑ።

ባለፉት ዓመታት ተማሪዎቻችን የሠሯቸው ጥሩ ጥሩ ሥራዎች ሽቦአቸው ተነቃቅሎ፣ አቧራ ለብሰው በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ያበላሻቸው የስሌት ስሕተት አይደለም፤ መጠለያ ስላልነበራቸው ነው። ይህ ሲቆጨኝ ኖሯል።

በመጀመሪያ የምሳ ዕቃ ሞከርን። ርካሽ ነው፣ ክዳኑም ይገጥማል፤ ነገር ግን የሰርኪዩቱን ቦርድ የለጠፍንበት ሙጫ በማግሥቱ እንደ ቅርፊት ተላጠ። የምሳ ዕቃ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊንም ሆነ የጀሪካኑ ፖሊኤትሊን ሙጫ አይዝላቸውም። በብሎን ማሰር ይቻል ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ራሳቸው ቆርጠው የሚሠሩትን ሳጥን ፈለጉ።

ያገኘነው ከሕንፃ ጥገና የተረፈ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ፍሳሽ ቧንቧ ነበር። በሴጌቶ ቁመቱን ሰንጥቀን ብንዘረጋው ስፋቱ ስንት ይሆናል? 110 ሲባዛ በ3.14፣ ከ34 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ። ፒቪሲ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ግን ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ይበቃናል?» ብላ ጠየቀች። በቃን። ከድስቱ የወጣውን ቁራጭ በሁለት ጣውላዎች መካከል አድርገን ድንጋይ ጫንበት፤ ሲቀዘቅዝ ቀጥ ብሎ ቀረ። ከተረፈው አንዱን እንደገና የፈላ ውሃ ውስጥ ስንጨምረው ዓይናችን እያየ ተጠቅልሎ ወደ ቧንቧነቱ ተመለሰ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ ፖሊመር ሰንሰለቶች፣ ማለትም ፕላስቲክ ስለሚሠራባቸው ረጃጅም ሞለኪውሎች፣ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም።

ወላጆች እንዲያውቁልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። በእሳት ላይ ማሞቅን ፈጽሞ ከልክያለሁ፤ ልጆቹ ቤት ውስጥም እንዳይሞክሩት አደራ።

የመጀመሪያው ሳጥን ቦርዱን አላስገባም። መሣሪያውን የሚያዘው አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ 68.6 በ53.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልጆቹ የውስጡን ርዝመት 70 አድርገው ቆረጡ። የዩኤስቢ መሰኪያው ግን ከቦርዱ ጠርዝ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ ይወጣል። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ሳጥኑ በወረቀት ላይ ሳይሣል፣ በካርቶን ሳይሞከር ካውያ የሚያነሣ የለም። ይህን ደንብ ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

ለታንከሩ የሚሆነውን ሳጥን በጥር አንድ የቀድሞ ተማሪያችን በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ፕላስቲክ እያቀለጠ በንብርብር ዕቃ በሚያትም ስሪዲ ፕሪንተር አሠራልን። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ሁላችንም የምንኮራበት ሳጥን ነበር። በመጋቢት ፀሐይ ግን በሳምንቱ ክዳኑ ተቆልምሞ፣ ወለሉም ጎብጦ ተገኘ። በውስጡ ያለው፣ እስከ ውሃው ድረስ ያለውን ርቀት የሚለካው የርቀት መለኪያ ዓይኑ ስለዞረ ታንከሩ ሞልቶ ሳለ «ባዶ ነው» የሚለው ቀይ አምፖል በራ። ሳጥኑ የታተመበት ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ በ60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ጥቁር ሳጥን ቀትር ላይ ምን ያህል እንደሚግል ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ጥቁሩን የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ልጆቹን ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

ስለዚህ መርካቶ ወርደን የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ስካቶላ የሚሉትን፣ ክዳኑ ጎማ ያለው ነጣ ያለ ሳጥን ገዛን። ለርቀት መለኪያው ሁለት ዓይኖች እያንዳንዳቸው 16 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቀዳዳዎች በትራፓኖ በስተን ዙሪያቸውን በሲሊከን አሸግን። በጎኑ ዝቅ ብሎ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ተውን፤ ድፍን የሆነ ሳጥን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ጠብታ ይለወጣልና። የጥበቃ ሠራተኛችን አረንጓዴውን አምፖል ሲያዩ «ልጆቼ፣ ከመሰላሉ ገላገላችሁኝ» አሉ። በቤት ውስጥ ለሚቀመጡት ሌሎች አራት መሣሪያዎቻችን ግን የፒቪሲ ሳጥኖቻችን ጸንተዋል።

በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሁለት ተማሪዎች ወጥተው ሳጥኑን ከፈቱት። ቦርዱ ደረቅ ነበር። በትንሿ ቀዳዳ የገባች ሸረሪት ግን ከሽቦ ወደ ሽቦ ድሯን ዘርግታ ነበር። ቀዳዳዋን ቀጭን ወንፊት አልብሰናታል።