ላልተከፈተ ካምቢዮ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ቀን፦ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመርሴዲስ ኢ240 የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ማፍሰስ ጥገናን ይመለከታል

ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ዘይት የምታፈስ መኪናዬን ጋራዣችሁ አስገብቼ ጥቅምት 10 ቀን 43,125 ብር ከፍዬ ወስጃታለሁ። ዘይቱ ግን አልቆመም። ችግሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር፤ ሥራ ነውና ሊሳሳት ይችላል፣ ተመልሼ መጥቼ «እንደገና እዩልኝ» እል ነበር። ብያለሁም። የምጽፈው ደረሰኛችሁ ላይ ተከፈተ የተባለው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ጭራሽ እንዳልተከፈተ ስላወቅኩ ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1999 ሥሪት ናት። አባቴ በ1995 ዓ.ም. ያስገባት፣ እሱ ካረፈ ወዲህ እኔ የምነዳት። ቤንዚን መኪና ማስገባት ከተከለከለበት ከ2016 ወዲህ ደግሞ ይህችን ሸጦ ሌላ መግዛት ቀላል አይደለም፤ ያለችውን መጠበቅ ነው።

እናንተ ዘንድ ከመምጣቴ በፊት ሦስት ሌሊት ከሥሯ ካርቶን ዘርግቼ አሳድሬ ነበር። በተሳፋሪው እግር ትክክል ቀይ፣ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ ብሏል። ከኋላ ወንበር በታች ደግሞ ወፍራም፣ ጥቁር ቡናማ፣ እንደ ድኝ የሚሸት። ቀዩ የካምቢዮ፣ የሚሸተው ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የዲፈረንሻል መሆኑን ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የፊቱ በየትኛው ጎማ በኩል እንደሆነ በእስክሪብቶ ጽፌበት ካርቶኑን ለፎርማናችሁ ሰጠሁት። እሱም አየት አድርጎ ግድግዳ አስደገፈው። መኪናዋን ልወስድ ስመለስ ካርቶኑ መሬት ተነጥፎ የሻይ ብርጭቆ ተደርድሮበት አገኘሁት።

ደረሰኙ እንዲህ ይላል። የካምቢዮ ዘይት 5 ሊትር 9,000 ብር፣ የካምቢዮ ኮፓ (ከሥሩ ያለው የዘይት ገንዳ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና ፊልትሮ 7,500፣ የዲፈረንሻል ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) 3,200፣ የዲፈረንሻል ዘይት 3,000፣ እጥበት 800፣ የእጅ ዋጋ ለካምቢዮ 9,000፣ ለዲፈረንሻል 5,000። ቫት ሲጨመር 43,125። የወጣውን አሮጌ ጓርኒሲዮን እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ «ከቆሻሻ ጋር ተጥሏል» ተባልኩ። የመኪናዋ ሆድ ግን ታጥቦ ያብለጨልጫል። እኔም አምኜ ሄድኩ።

ጥቅምት 16 ጠዋት ቀዩ ዘይት ድሮ በነበረበት ቦታ ጠብ ብሎ ጠበቀኝ። ጥቅምት 18 ይዣት መጣሁ። ፎርማናችሁ መኪናዋን በክሪክ እንኳ ሳያነሳት፣ «እህቴ፣ የአሮጌ መኪና ዘይት እንደ ሽማግሌ እንባ ነው፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። አልፎ አልፎ እየጨመርሽ ንጂ» አለኝ። በዚህች መኪና ላይ የካምቢዮ ዘይት «አልፎ አልፎ» የሚጨመር ነገር አለመሆኑን ፎርማን የሆነ ሰው ሊያውቅ ይገባ ነበር፤ ለባለቤቱ የተተወ መለኪያ ዘንግ የላትም።

ቅዳሜ ጥቅምት 29 የእህቴን ልጅ ሠርግ ለመብላት ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ፣ ሸኖን አልፈን ዳገት ላይ ካምቢዮው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ተቸነከረ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም፣ ከኋላ ሲኖትራክ ጥሩምባውን ይነፋል። እናቴ ለሠርጉ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ጭኗ ላይ ታቅፋ «በስመ አብ» ትላለች። አጥፍቼ ባስነሳትም ያው ሁለተኛ። ሠርጉን በሚኒባስ ደረስን፤ መኪናዋ በማግስቱ በጭነት መኪና ተጭና አዲስ አበባ ገባች። 18,000 ብር።

ከዚያ በኋላ ያዩዋት በዚህ ዓይነት ካምቢዮ ላይ ለብዙ ዓመት የሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። መጀመሪያ ያሳዩኝ የዘይት መሙያውን ቱቦ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ «ለጋራዥ አገልግሎት ብቻ» ተብሎ ተጽፏል፤ በትንሽ ቀይ ፕላስቲክ ይቆለፋል፣ ሲከፈት ፕላስቲኩ ይሰበርና አዲስ ይገባል። የእኔ አልተሰበረም። «አዲስ ቀይረንለት ነው» እንዳትሉኝ፣ አባቴ ጠርጣራ ሰው ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ዘይቱን ሲያስቀይር ከክዳኑ ጀምሮ እስከ ቱቦው በነጭ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር አስምሮበታል። መስመሩ እንደተሰመረ አለ፣ አልተዛነፈም፣ አቧራ እንኳ ጠግቦበታል። በዚህች መኪና ካምቢዮ ውስጥ ዘይት የሚገባው በዚያ ቱቦ ነው። ክዳኑ ካልተከፈተ 5 ሊትሩ በየት በኩል ገባ? ኮፓው ወርዶ ቢሆን ኖሮስ የፈሰሰው በምን ተተካ?

ኮፓውን ስናየው መልሱ እዚያው ነበር። ብሎኖቹ አንዳቸውም አልተነኩም። በኮፓውና በካምቢዮው መጋጠሚያ ዙሪያ ግን ከውጭ በጣት የተቀባ ጥቁር ሲሊኮን አለ። የጣቱ አሻራ ሳይቀር ታትሟል። የዚህ ኮፓ ጓርኒሲዮን ጎማ ነው፣ ደርቆ ነው የሚገጠመው፣ ሲሊኮን የሚባል ነገር አይፈልግም። ከውጭ መቀባት ደግሞ ጭራሽ ጥገና አይባልም።

ይበልጥ ያናደደኝ ግን ዘይቱ ከኮፓው አለመምጣቱ ነው። ካምቢዮው ጎን ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ የሚገቡበት ክብ ሶኬት አለ፤ በሁለት ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) የታሸገ፣ በአንዲት ትንሽ ብሎን የሚፈታ። ኦሪንጎቹ በዕድሜ ሲደርቁ ዘይቱ በዚያ ይወጣና ኮፓው ጠርዝ ላይ ይንጠባጠባል፤ ከታች ለሚያይ ሰው ኮፓው ያፈሰሰ ይመስላል። መርሴዲስ በመጠገን የሚተዳደር ጋራዥ በዚህ መታለል አልነበረበትም፤ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሞተሩን አስነስቶ ለጥቂት ደቂቃ ቢመለከት ከየት እንደሚጀምር ያየው ነበር። እናንተ አጥባችሁ ሳታዩ አስረከባችሁኝ። ዘይቱ በዚያ ብቻ አያቆምም፤ በሽቦዎቹ ውስጥ እየሳበ እስከ ካምቢዮው ኮምፒዩተር ይወጣል። አዛውንቱ የኮምፒዩተሩን ሶኬት ሲነቅሉ ውስጡ በቀይ ዘይት ረጥቦ ነበር። የራሳቸውን መለኪያ ዘንግ አስገብተው፣ ዘይቱን 80 ዲግሪ አድርሰው ሲለኩት ደግሞ ከሊትር በላይ ጎድሏል። ዳገቱ ላይ ያቆመን ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መናገር አልፈለጉም። ሁለቱም ግን ጥቅምት 10 ላይ መታየት የነበረባቸው ናቸው።

እውነቱን ለመናገር የዲፈረንሻሉ ሥራ ሌላ ነው። ኦይል ሲሉ በእርግጥ ተቀይሯል። ዳዶው ከመፈታቱ በፊት ቦታው በቀለም ምልክት ተደርጎበት በልኩ ተመልሶ ታስሯል፤ ይህ ካልተደረገ ውስጡ ያለው፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቦሎቤር ጥብቀቱን እንደሚያጣ አዛውንቱ ነግረውኛል፣ ሥራውንም አመስግነዋል። ያንን የሠራው ልጅ እጁ ይባረክ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ በጭቃ ተደፍኖ ነበር። በተደፈነ መተንፈሻ አየሩ ሲሞቅ መውጫ ያጣና ዘይቱን በአዲሱም ኦይል ሲል በኩል ይገፋዋል። በሽቦና በትንፋሽ ተጸዳ፣ ቆመ። ለዲፈረንሻሉ የከፈልኩትን አልጠይቅም።

የምጠይቀው ያልተሠራውን ነው። ለካምቢዮ ዘይት 9,000፣ ለጓርኒሲዮንና ፊልትሮ 7,500፣ ለካምቢዮው የእጅ ዋጋ 9,000፣ በድምሩ 25,500፤ ቫቱ 3,825 ሲጨመር 29,325 ብር። በተጨማሪም ሸኖ ላይ ለመጫኛ ያወጣሁት 18,000 ብር፣ ምክንያቱም ጥቅምት 18 ችግሩን ይዤ መጥቼ «እየጨመርሽ ንጂ» ተብዬ የተመለስኩት ከእናንተ ደጅ ነው። ጠቅላላ 47,325 ብር። ለአዛውንቱ የከፈልኩትን፣ ኦሪንጎቹንና ከሶማሌ ተራ የገዛሁትን ዘይት አልጨመርኩም፤ ያንን በማንኛውም መንገድ መክፈሌ አይቀርም ነበር።

ሥራውን በነጻ እንደገና እንሥራልሽ የሚል መልስ አልቀበልም፤ ተሠርቷል። ከኅዳር 8 ጀምሮ የተዘረጋው ካርቶን ዛሬም ደረቅ ነው።

ገንዘቡ እስከ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አቤቱታዬን ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ። ክዳኑንና ኮፓውን እስካሁን አላጸዳሁትም፤ ነጩ መስመርም ሲሊኮኑም እንዳለ ነው። እርስዎ ራስዎ መጥተው ማየት ከፈለጉ ቅዳሜ ከሰዓት እቤት አለሁ፤ ፎርማኑንም ይዘውት ቢመጡ ደስ ይለኛል።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናዋ ባለቤት

አባሪ፦ የደረሰኝ ቅጂ 1 ገጽ፣ የመጫኛ ክፍያ ደረሰኝ 1 ገጽ፣ ፎቶግራፍ 6