አባባ፣ በዓይን እንቅስቃሴ ስለሚሰጠው የክፉ ትዝታ ሕክምና ቀጠሮዎ

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ቀጠሮው እንደተያዘልዎ እህቴ ነግራኛለች። «ዓይንን ግራ ቀኝ በማመላለስ የሚድን ሕመም ደግሞ አለ እንዴ?» ብለው መጠየቅዎንም ሰማሁ። ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ሥራዬም ይኸው ስለሆነ፣ በስልክ ከማጣድፈው ረጋ ብለው እንዲያነቡት ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

የክፉ ትዝታን ጭንቀት ለማቅለል የሚሰጥዎት ሕክምና አክሰለሬትድ ሪዞሉሽን ቴራፒ ይባላል። ባለሙያዎቹ ሲያሳጥሩት ኤአርቲ ይሉታል፤ አገር ቤት በዚህ ስም ከሚታወቀው የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር አይገናኝም፣ ሲጠሩት ቢሰሙ አይደንግጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሌኒ ሮዘንዝዋይግ የተባሉ አሜሪካዊት ቴራፒስት ኢኤምዲአር ከሚባለው፣ እሱም ዓይንን በማንቀሳቀስ የክፉ ትዝታን ጭንቀት ከሚያክመው ቀዳሚ ሕክምና ተነስተው ያዘጋጁት ነው። ኢኤምዲአርን የጀመሩት ፍራንሲን ሻፒሮ ናቸው፣ በ1987። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ከክፉ አደጋ በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ከመከራቸው ሕክምናዎች አንዱ አድርጎታል። ኤአርቲ የዚያን ያህል አልተጠናም፤ ይህን ልደብቅዎ አልፈልግም። ሆኖም የደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ከጦር ሜዳ ይህንኑ የአእምሮ ጭንቀት ይዘው ከተመለሱ 57 ወታደሮችና የቀድሞ ወታደሮች መካከል ሕክምናውን ያገኙት በአማካይ ከአራት ባነሰ ቀጠሮ ብዙ ቀልሏቸዋል። የተለመደው ከአንድ እስከ አምስት ቀጠሮ ነው፤ እያንዳንዱም አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ አለፍ ይላል።

ለምን ይሠራል ቢሉኝ፣ በእርግጠኝነት ባይታወቅም የሚገመተው እንዲህ ነው፤ አእምሯችን በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ነገር ውስን ነው። ክፉውን ትዝታ እያሰቡ ዓይንዎ የሚንቀሳቀስ እጅ ሲከተል፣ ሁለቱ ሥራዎች ይሻማሉ፤ ትዝታው ድምቀቱን ያጣል። አንድ ትዝታ ተቀስቅሶ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ደብዝዞ፣ ሰውነትን ሳያርበደብድ ሊቀመጥ ይችላል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ቴራፒስቷ ፊት ለፊትዎ ተቀምጣ እጇን በዓይንዎ ትክክል ግራ ቀኝ ታንቀሳቅሳለች። አንድ ዙር 40 ያህል ምልልስ ነው። መጀመሪያ ጭንቀቱ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነና ሰውነትዎ ላይ የት እንደሚሰማዎት ትጠይቃለች፤ ደረትዎ ላይ ይሁን፣ ሆድዎ ውስጥ። ከዚያ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልብዎ ብቻ እያዩ እጇን ይከተላሉ። መናገር የለብዎትም። በሕክምናው የምወደው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን ለማንም ያልነገሩትን፣ አስተርጓሚ ፊትም ሆነ ለማያውቋት ሴት እንዲዘረዝሩ አይገደዱም። ዙሩ ሲያልቅ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ እሷም የምትጠይቅዎ ሰውነትዎ አሁን ምን እንደሚሰማው ብቻ ነው። ደረትዎ ተጫነኝ ካሉ፣ ቀጣዩ ዙር ትዕይንቱን ትቶ ለዚያ ለተጫነው ቦታ ይሆናል። እንዲህ እየተፈራረቀ ሰውነት እስኪረጋጋ ይኬዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ላይ እርስዎ እንደሚያመነቱ እገምታለሁ። «ያዩትን ሥዕል በሌላ ይቀይሩት» ይባላል፤ ደስ ያለዎትን ትዕይንት እርስዎ ራስዎ ይመርጣሉ። የሞተ ጓደኛዬን አልሞተም ልበል ወይ የሚል ሐሳብ ቢመጣብዎ፣ አይደለም። መሞቱ፣ ቀኑ፣ ስሙ፣ እርስዎ ለእሱ ያለዎት ክብር ሁሉ እንዳለ ይቀራል። የሚለወጠው ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳዎት ምስል ብቻ ነው። ጓደኛዎን በሠርጉ ቀን በነጭ ልብሱ ሲስቅ ቢያዩት እሱን መካድ አይደለም፤ እንዲያውም በሕይወት ሳለ የነበረውን ሰው ማስታወስ ነው። በመጨረሻም የድሮውን ትዕይንት እንደገና እንዲያስቡት ትጠይቅዎታለች፤ ሰውነትዎ ካልተረበሸ ያ ትዕይንት አልቋል፣ ከተረበሸ ዙሩ ይቀጥላል።

የሚበላሸው የት ነው? ብዙ ሰው ዓይኑን ሳይሆን አንገቱን ያዞራል፤ ያኔ ራሱ ይዞርበታል፣ ያቅለሸልሸዋል። እጇ ከፈጠነብዎ ወይም ከቀረበብዎ ይንገሯት፣ ታስተካክላለች። ሁለተኛው ጥርስ መንከስ ነው። እርስዎ ትንፋሽ ይዘው «ምንም አልሆንኩም» ማለት ለምደዋል፤ እዚያ ግን እንዲያ ካደረጉ ሥራው አይሠራም። እንባ ቢመጣ ይምጣ። ሦስተኛው ዋነኛው ነው፤ ክፍሉ እየራቀብዎ፣ ድምፅዋ ከሩቅ እየመጣ፣ ሰውነትዎ ከደነዘዘ ያቁሙ። እግርዎን መሬት ላይ ይጫኑ፣ የሚያዩዋቸውን አምስት ነገሮች ስም ይጥሩ። ቃል ሊጠፋብዎ ስለሚችል፣ ግራ እጅ ማንሳት «ይብቃ» ማለት እንዲሆን ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ።

አስተርጓሚን በተመለከተ፣ ከደብሩ ወይም ከዕድሩ የሚያውቁት ሰው እንዳይሆን እህቴ አስቀድማ ትጠይቅ። በዙሩ መካከል ማስተርጎም የለም፣ ዓይንዎ እጇ ላይ ነው፤ ስለዚህ «ይቀጥሉ»፣ «ይተንፍሱ»፣ «ያቁሙ» የሚሉትን ቃላት ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ዕድሜዎን ስለማስብ፣ የዓይን ሞራ ስለወጣልዎ የዓይን ሐኪምዎን ፈቃድ ይጠይቁ። የሬቲና (የዓይን የኋላ ሽፋን) ችግር፣ የሚጥል በሽታ፣ ማዞር ወይም የልብ ሕመም ካለ ቴራፒስቷ ማወቅ አለባት። ዓይን ካልቻለ በኢኤምዲአር ጉልበትን ግራ ቀኝ መታ መታ ማድረግም ይሠራል። የእንቅልፍ ኪኒንዎን ይንገሯት እንጂ በራስዎ አያቋርጡ። ጾም ቢሆንም ቀጠሮውን ከምግብ በኋላ ያድርጉት፤ የደም ግፊት መድኃኒት ወስደው ባዶ ሆድ አይቀመጡ።

ሲመለሱ መኪና አይንዱ። ድካም፣ ራስ ምታት፣ ለጥቂት ቀን የደመቀ ሕልም ሊኖር ይችላል፤ የመጀመሪያውን ሌሊት አይተው አይፍረዱበት። ሕይወት የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ለእኛ ይንገሩን፣ ወይም በአሜሪካ ለእንዲህ ያለ ጭንቀት እርዳታ ወደሚሰጠው ስልክ ወደ 988 ይደውሉ። ዩቲዩብ ላይ ኳስ የምታመላልስ ቪዲዮ እያዩ ብቻዎን እንዳይሞክሩት እለምንዎታለሁ፤ የተቀሰቀሰውን የሚያረጋጋ ሰው አጠገብዎ የለም። ከአምስት ቀጠሮ በኋላ ለውጥ ካላዩም የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ ሌላ ሕክምና እንፈልጋለን።

የመድኃኒቶችዎን ዝርዝርና የዓይን ሐኪምዎን ወረቀት እህቴ ቦርሳዋ ውስጥ ታስገባልዎ። ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ